ዋትሲ፦ የማያውቁትን ታማሚ ማሳከም

ዋትሲ በገንዘብ እጦት ቀዶ ሕክምና ማግኘት ያልቻሉ ሰዎችን ጉዳይ በድረ ገጹ ላይ አውጥቶ፣ ማንኛውም ሰው ከ5 ዶላር ጀምሮ የአቅሙን እንዲያዋጣላቸው የሚያደርግ፣ መቀመጫው አሜሪካ የሆነ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2012 ሲሆን፣ ዋይ ኮምቢኔተር የተባለው ስመ ጥር የጀማሪ ኩባንያዎች ደጋፊ በ2013 ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀበለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት እርሱ ነበር። በአገልግሎቱ ለዓመታት ስጠቀም ቆይቻለሁ። ስለ እርሱ ለመጻፍ የተነሣሁት፣ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ለታመመ ወገን ገንዘብ ባሰባሰብን ቁጥር በየልባችን የሚመላለስ፣ ይሉኝታ ይዞን ግን በአደባባይ የማናነሣው አንድ ጥያቄ ስላለ ነው፤ ያዋጣነው ገንዘብ በእርግጥ ለሕክምናው ውሏል ወይ? ከማውቃቸው አገልግሎቶች መካከል ይህን ጥያቄ ከሥሩ ለመመለስ የጣረው ዋትሲ ነው።

የድርጅቱ አመሠራረት ለእኛ እንግዳ አይደለም። መሥራቹ ቼስ አዳም በኮስታ ሪካ የአሜሪካ የሰላም ጓድ (ፒስ ኮር) በጎ ፈቃደኛ በነበረበት ጊዜ፣ በአውቶቡስ ሲጓዝ አንዲት እናት ተሳፍራ ለልጇ ማሳከሚያ ተሳፋሪዎቹን እርዳታ ትጠይቃለች። በእጇ የልጇን የሕክምና ማስረጃ ይዛ ነበር። አውቶቡሱ በዚያን ሰዓት ያልፍባት የነበረችው ትንሽ ከተማ ስሟ ዋትሲ ስለነበር ድርጅቱም በዚያው ተጠራ። በአዲስ አበባ አውቶቡስ ወይም ሚኒባስ ታክሲ የተሳፈረ ሰው ይህን ትዕይንት አሳምሮ ያውቀዋል፤ በፕላስቲክ የተሸፈነ የሐኪም ወረቀት፣ ማኅተም ያረፈበት የቀበሌ ድጋፍ ደብዳቤ፣ አንገት እየደፉ “የእናት ልጅ” እያሉ መለመን። አዳምን ያስገረመው ያቺ እናት የያዘችው ማስረጃ የተሳፋሪዎቹን ልብ መክፈቱ ነበር። ሰው ሊሰጥ ይወዳል፤ የሚያስቆመው ብዙውን ጊዜ የገንዘብ እጥረት ሳይሆን ጥርጣሬ ነው። የዋትሲ አሠራር በሙሉ የተገነባው በዚህ ግንዛቤ ላይ ነው።

አሠራሩን በቅርበት ስናየው፣ ታማሚው ራሱ ወደ ድረ ገጹ ገብቶ እርዳታ የሚጠይቅበት መንገድ የለም። ታማሚዎቹን የሚመርጡት ድርጅቱ አስቀድሞ ያጣራቸውና ውል የገባላቸው አጋር ሆስፒታሎችና የሕክምና በጎ አድራጎት ድርጅቶች ናቸው። ሐኪሞቹ ቀዶ ሕክምናው የታማሚውን ሕይወት በእርግጥ የሚለውጥ መሆኑን ያመዛዝናሉ፤ ወጪውን ያሰላሉ፤ ቤተሰቡ የመክፈል አቅም እንደሌለው ያረጋግጣሉ፤ ከዚያም የታማሚውን ታሪክና ፎቶግራፍ ፈቃዱን አግኝተው ይልካሉ። ዋትሲ መርምሮ ሲቀበለው የታማሚው ገጽ ይከፈታል፤ ገንዘቡም የሚከፈለው ለታማሚው ወይም ለዘመዱ ሳይሆን ሕክምናውን ለሰጠው ተቋም ነው። የሕክምናው ቀን መዋጮው እስኪሞላ ድረስ የግድ አይጠብቅም፤ አንዳንዱ ታማሚ ገጹ ገና መዋጮ እየተሰበሰበበት ሳለ ቀዶ ሕክምናውን አጠናቆ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሊሆን ይችላል። ይህን ያወቁ አንዳንድ ለጋሾች እንደ መታለል ሲቆጥሩት ሰምቻለሁ። እኔ ግን አንድ ሕፃን የእኛን መዋጮ እየጠበቀ በሕመም እንዲሰቃይ ከሚደረግ ሆስፒታሉ ቀድሞ ቢያክመው እመርጣለሁ።

አንድ የታማሚ ገጽ ሲከፈት ከላይ ፎቶግራፉ፣ ከጎኑ የተሰበሰበውና የቀረው ገንዘብ ይታያል። ታሪኩ አጭር ነው፤ የቤተሰቡ መተዳደሪያ ምን እንደሆነ፣ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ እስካሁን ምን ተሞክሮ እንደነበረ፣ በመጨረሻም ከታማሚው ወይም ከወላጁ አንደበት የተወሰደ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር። ብዙ ሰው ሳያነበው የሚያልፈው፣ እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምወደው ከታች ያለውን ክፍል ነው። እዚያ ላይ ስለ ሕመሙ ምልክቶች፣ ሳይታከም ቢቀር በታማሚው ኑሮ ላይ ስለሚያስከትለው ነገር፣ ቀዶ ሕክምናው እንዴት እንደሚሠራ፣ ስለሚያሰጉ የጎንዮሽ ጉዳቶች፣ ሕክምናው በዚያ አገር ምን ያህል እንደሚገኝና ሌላ አማራጭ ስለመኖሩ በግልጽ ቋንቋ ተብራርቷል። ለምሳሌ ተቆልምሞ ስለሚወለድ እግር ወይም በሕፃን ጭንቅላት ውስጥ ስለሚጠራቀም ውሃ የተጻፈውን ያነበበ ሰው፣ ገንዘብ ባይሰጥ እንኳ በሰፈሩ “የእርግማን ነው” ተብሎ የተደበቀ ሕፃን ቢያይ ለወላጆቹ የሚነግራቸው ነገር ይኖረዋል። በእኛ ዘንድ በሚዘዋወሩት የእርዳታ ጥሪዎች ላይ ፎቶግራፍ፣ “የወገን ያለህ” የሚል ቃልና የባንክ ሂሳብ ቁጥር አለ፤ የሕመሙ ስም ግን ስንት ጊዜ ጨርሶ አይገኝም!

ኢትዮጵያውያን ታማሚዎችም በዚህ ድረ ገጽ ላይ ቀርበዋል። ያየኋቸው አፍሪካን ሚሽን ሄልዝኬር በተባለው የዋትሲ አጋር የሕክምና በጎ አድራጎት ድርጅት በኩል የመጡ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ አዲስ አበባ ገርጂ በሚገኘው፣ በተለምዶ ኮሪያ ሆስፒታል በምንለው ሆስፒታል፣ ቤታኒ ኪድስ ከተባለው የሕፃናት ቀዶ ሕክምና ድርጅት ጋር በመተባበር የሚታከሙ ልጆች ናቸው። ከእነርሱም መካከል ያለ ሰገራ መውጫ የተወለዱ፣ የሽንት ፊኛቸው ከሆዳቸው ውጭ ሆኖ የተፈጠሩ፣ የዘር ፍሬያቸው ያልወረደላቸው ሕፃናት ይገኙበታል። እንዲህ ያለው ሕክምና በአንድ ቀዶ ጥገና አያልቅም። ያለ ሰገራ መውጫ ለተወለደ ሕፃን መጀመሪያ ሆዱ ላይ ጊዜያዊ መውጫ ይከፈትለታል፤ ከወራት በኋላ በተፈጥሮው ቦታ መውጫው ይሠራለታል፤ በመጨረሻ የሆዱ ቀዳዳ ይዘጋል። ከገጠር ለመጣ ገበሬ ይህ ማለት ተደጋጋሚ የትራንስፖርት ወጪ፣ አዲስ አበባ ላይ ማደሪያ መፈለግና በእርሻ ወቅት ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ነው። ዋትሲ የሚሸፍነው የሕክምናውን ክፍያ ስለሆነ፣ የአባትየው የአውቶቡስና የማደሪያ ወጪ በሌላ ሰው ትከሻ ላይ መቅረቱን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ ዋትሲ ለታማሚ የተሰጠውን መዋጮ መቶ በመቶ ለሕክምና እንደሚያውል ይገልጻል፤ የሠራተኛ ደመወዝና የቢሮ ወጪ የሚሸፈነው ለዚሁ ተለይቶ ከሚሰጥ ሌላ ገንዘብ ነው። በክፍያው መጨረሻ ላይ ለድርጅቱ ማንቀሳቀሻ የሚሆን ጭማሪ እንዲያክሉ ይጠየቃሉ፤ መተው ይቻላል፤ እኔ ግን እጨምራለሁ፤ ምክንያቱም ያን ሁሉ ማጣራት የሚሠራ ሰው እንጀራ ሊበላ ይገባዋል። ድርጅቱ ከጅምሩ ስሙን ያስጠራበት ደግሞ ሂሳቡን ለሕዝብ ክፍት ማድረጉ ነው። የእያንዳንዱን ታማሚ የሕክምና ወጪና ለሆስፒታሎቹ የተላለፈውን ገንዘብ ማስረጃ ማንም ገብቶ ሊያየው በሚችል ሰንጠረዥ ላይ ሲያወጣ ኖሯል። ሰንጠረዡን ቁጭ ብለው የሚመረምሩት ለጋሾች ጥቂት እንደሚሆኑ እገምታለሁ፤ ሆኖም ክፍት መሆኑ ብቻውን የሚያስተዳድሩትን ሰዎች እጅ ይገራል። በአሜሪካ የሚኖር ለጋሽ የሰጠውን ከታክስ ተቀናሽ ማድረግም ይችላል፤ ለግለሰብ በተከፈተ የጎፈንድሚ ገጽ ላይ የሚሰጥ ገንዘብ ይህ ጥቅም የለውም።

ጎፈንድሚን ካነሣሁ ዘንድ ንጽጽሩን ላስፋው። እ.ኤ.አ. በ2010 የተመሠረተው ይህ አገልግሎት በውጭ አገር ለምንኖር ኢትዮጵያውያን ዋናው የመዋጮ መሰብሰቢያ ሆኗል፤ ከአንድ ሰው ስልክ ተነሥቶ በአንድ ሌሊት መላውን ማኅበረሰብ የማዳረስ ኃይሉም የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ኢትዮጵያ ገንዘብ በቀጥታ ከሚላክባቸው አገሮች ውስጥ ስለሌለች፣ ለአዲስ አበባ ወይም ለጎንደር ታማሚ የሚሰበሰበው ገንዘብ መጀመሪያ እዚህ በሚኖር አስተባባሪ የባንክ ሂሳብ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ በአስተባባሪው ሕሊና ላይ የተመሠረተ ነው። አብዛኞቹ አስተባባሪዎች እንቅልፍ አጥተው የሚደክሙ ቅን ሰዎች ናቸው። እኔም ካዋጣሁባቸው በአንዱ ግን ታማሚው ገንዘቡ ሳይደርሰው አረፈ፤ ቀሪው የት እንደገባ የጠየቀ ሁሉ “በሐዘን ላይ ሐዘን የሚጨምር” ተብሎ ተወቀሰ። አስተባባሪው ገንዘቡን በልቷል ማለቴ አይደለም፤ ለቀብር ወይም ለልጆቹ ውሎ ሊሆን ይችላል። ያለ ሂሳብ መቅረቱ ግን ለቀጣዩ ታማሚ የሚዘረጋውን እጅ ሁሉ አሳጠረ። በዋትሲ አሠራር እንዲህ ያለ ክፍተት አይፈጠርም፤ ገንዘቡ በማንም ግለሰብ እጅ አያልፍምና።

ሌላም ልዩነት አለ። በጎፈንድሚ ላይ የሚሳካለት ብዙ ወዳጅ ያለው፣ እንግሊዝኛ የሚያምርለት፣ ታሪኩ የሚነካ ሰው ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2020 በተከፈቱ የሕክምና መዋጮዎች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ ያቀዱትን ያህል ያገኙት ከ12 በመቶ በታች እንደሆኑ አሳይቷል። አንዲት የወላይታ ገበሬ ሜሪላንድ ውስጥ የአክስት ልጅ ከሌላት በዚያ ውድድር ውስጥ ስሟም አይነሣ። ዋትሲ ዘመድ ለሌለው ሰው በር መክፈቱ፣ በእኔ ግምት ከሂሳቡ ግልጽነት ቀጥሎ ትልቁ በጎ ሥራው ነው።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልለፍ። የአገልግሎቱ መሠረት የታማሚው ፊት ነው። ስሙ፣ ዕድሜው፣ አገሩ፣ የቤተሰቡ ድህነትና የሕመሙ ዓይነት ከፎቶግራፉ ጋር ለዓለም ሁሉ ይታያል። ስለ ተሰበረ እግር ሲሆን ይህ ያን ያህል አይከብድም። ከላይ የጠቀስኳቸው ሕመሞች ግን ሰው ለጎረቤቱ እንኳ የማይናገራቸው ናቸው። እናቲቱ ልጇን አዝላ ከሰው ተደብቃ የኖረችበት፣ ለጤና ጣቢያው ሠራተኛ ስትናገር ድምፅዋ የሚጠፋበት ገመና ነው። ዛሬ ሁለት ዓመት የሆናት ሕፃን ነገ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች፤ ስሟን በስልኳ ስትፈልግ፣ ወይም ይባስ ብሎ ሊያጫት ያሰበ ሰው ሲፈልገው፣ ያለ ሰገራ መውጫ መወለዷንና አባቷ የቀን ሠራተኛ መሆኑን የሚናገር ገጽ ቢወጣስ? ወላጅ ፈቃዱን ሰጥቷል ይባላል። ልጁ በሌላ መንገድ እንደማይድን የተነገረው አባት ግን የቀረበለትን ወረቀት ሁሉ ይፈርማል፤ ያ ፈቃድ ሙሉ ፈቃድ ነው ለማለት እቸገራለሁ። ልጅቷ ደግሞ ምንም አልፈረመችም።

ገመና መሸፈን በእኛ ዘንድ የምጽዋት ግማሹ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ቀኝ እጅ የሰጠውን ግራ እጅ እንዳያውቅ የሚያስተምሩት የተቀባዩንም ክብር አስበው ነው። በእርግጥ እኛም በዚህ የምንመካበት ነገር የለንም፤ በአይሱዙ ላይ የታማሚን ፎቶ በትልቁ ለጥፎ በድምፅ ማጉያ እየዞሩ መለመን፣ በኦክስጅን የተያዘን ሰው አልጋው ላይ ቀርፆ በቴሌግራም ማሰራጨት የዕለት ተዕለት ነገር ሆኗል። የዋትሲ ፎቶግራፎች ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸሩ እጅግ ጨዋነት ያላቸው ናቸው፤ ቁስል አይታይባቸውም፤ ታማሚው አብዛኛውን ጊዜ ልብሱን ለብሶ ወደ ካሜራው ይመለከታል። ያም ሆኖ መዋጮው ሞልቶ፣ ሕክምናው ተጠናቆ፣ ውጤቱ ለለጋሾች ከተነገረ በኋላ ገጹ ለሁሉም ክፍት ሆኖ የሚቆይበት በቂ ምክንያት አይታየኝም። ለሂሳብ ግልጽነት ሲባል የሕመሙ ዓይነት፣ ሆስፒታሉና ወጪው ይቀመጥ፤ ፊቱና ስሙ ግን ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ቢነሣ ግልጽነቱ አንዳች አይጎድልበትም።

ይህን ለሚጋራ ለጋሽ ድርጅቱ ራሱ አንድ መንገድ አለው። ዩኒቨርሳል ፈንድ በሚባለው በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ እንዲቆረጥ ካደረጉ፣ ገንዘቡን ለሚያስፈልገው ታማሚ የሚመድበው ድርጅቱ ነው፤ እርስዎም ማንን እንደደገፉ በኢሜይል ይነገርዎታል። እኔ ወደዚህ የተዛወርኩት ፊት ማማረጥ ስላስጨነቀኝ ነው። የሚስቅ ሕፃን ገጽ ቶሎ ይሞላል፤ ሄርኒያ (ቡአ) ያለበት የስድሳ ዓመት ገበሬ ገጽ ግን ይዘገያል፤ ሄርኒያው ግን ያንን ሰው ማረስ ከልክሎት ቤቱን ሁሉ ያስርባል። ምርጫውን ለሐኪምና ለሂሳብ ባለሙያ መተው ፍትሐዊ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ከሕክምናው በኋላ የሚመጣው መልእክት አጭር ነው፤ ታማሚው እንዴት እንደሆነ፣ ሐኪሙ ምን እንደሚጠብቅ፣ አንዳንዴም አዲስ ፎቶግራፍ። ሲዘገይ ወራት ሊቆይ ይችላል። ሁልጊዜ መልካም ዜና አይደለም፤ መልካም ያልሆነውንም ሳይሸፍኑ መንገራቸውን አከብራለሁ።

ትልቁ የአገልግሎቱ ገደብ ዋጋው ላይ ነው። ለአንድ ታማሚ የሚሰበሰበው አብዛኛውን ጊዜ ከ1,500 ዶላር አይበልጥም፤ ምርጫው ሆን ተብሎ በአነስተኛ ወጪ ትልቅ ለውጥ በሚያመጡ ሕክምናዎች ላይ ያተኮረ ነው። ይህ ገንዘብ፣ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ባለው ምንዛሪ፣ ከ150,000 ብር የሚበልጥ ነውና ለኢትዮጵያዊ ገበሬ የሚታሰብ አይደለም፤ ሆኖም በየዕለቱ ስልካችን ላይ ለሚደርሱን ጥሪዎች ብዙም አይጠጋም። የእኛ ጥሪዎች በአብዛኛው የኩላሊት ንቅለ ተከላና እጥበት፣ ካንሰር፣ ወይም ሕንድና ታይላንድ ተሂዶ የሚሠራ የልብ ቀዶ ሕክምና ናቸው። የኩላሊት ንቅለ ተከላ በጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 ተጀምሯል፤ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ያለው የልብ ማዕከልም፣ ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የመሠረቱት የኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል ፍሬ ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ያገለግላል፤ ተራ የሚጠብቁት ሕፃናት ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ዋትሲ ለእነዚህ መልስ የለውም። ለሄይቲ የልብ ታማሚዎች ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ወጪውን ተጋርቶ የራሱን ድርሻ ብቻ ሲሰበስብ አይቻለሁ፤ ተመሳሳይ መንገድ ለአዲስ አበባው ማዕከል ቢሞከር በውጭ ካለነው ብዙዎቻችን እንደምንሳተፍ አልጠራጠርም።

ገደቡ በራሱ ስህተት አይደለም። ለአንድ ሰው ንቅለ ተከላ በሚያስፈልገው ገንዘብ ብዙ ልጆች ቀጥ ብለው ሊራመዱ ይችላሉ፤ ይህን ማስላት ጭካኔ የሚመስለው ታማሚው የራሳችን ወንድም ሲሆን ነው። ስለዚህ አንባቢ “የአጎቴን ልጅ ኩላሊት በዚህ ላሳክመው እችላለሁ?” ብሎ ቢጠይቀኝ አይችሉም እለዋለሁ፤ የራስን ዘመድ ለማሳከም የተሠራ አገልግሎት አይደለም።

ጥቃቅኖቹን በአጭሩ ላንሣ። ድረ ገጹ በእንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ ክፍያው በዶላር በዓለም አቀፍ ካርድ ስለሆነ ከኢትዮጵያ በቴሌብር ወይም በባንክ ማስተላለፍ ለሚፈልግ ሰው አይመችም። ለልደት፣ ለሠርግ ወይም ለሙት ዓመት በራስዎ ስም የመዋጮ ገጽ መክፈት ይቻላል፤ ለአርባና ለሰማንያ ድግስ የሚወጣውን ገንዘብ ለሚያስቡ ቤተሰቦች ይህን እጠቁማለሁ።

እንዲህ ያለው መዋጮ የሕዝብ ጤና መድንን አይተካም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው፣ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን ሪፖርት አስተማማኝና አቅምን ያገናዘበ ቀዶ ሕክምና የማያገኘውን የዓለም ሕዝብ 5 ቢሊዮን አድርሶታል፤ ይህን ያህል ሰው ፎቶግራፍ አንሥቶ በድረ ገጽ ማሳከም አይቻልም። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች የተሞከረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሚያድግበት መንገድ ነው ዘላቂው። ዋትሲ ራሱም ይህን ተረድቶ በኡጋንዳ የማኅበረሰብ ጤና መድን ለማስተዳደር የሚረዳ ቴክኖሎጂ ሠርቶ ሞክሯል። መድኑ እስኪደርስ ግን ዛሬ የተወለደው ሕፃን ይጠብቃል።

ለማያውቁት ሰው በእርግጠኝነት መስጠት ለሚፈልጉ ዋትሲን ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ በተለይም በወርሃዊው መንገድ። በየአጥቢያውና በየእድሩ የታማሚ መዋጮ ለምታስተባብሩ ደግሞ፣ በዋትሲ ባትጠቀሙም እንኳ አሠራሩን ልትወስዱት ትችላላችሁ፤ ጥሪው ከመውጣቱ በፊት ከሆስፒታሉ የወጪ ዝርዝር ጠይቁ፤ ገንዘቡን በቀጥታ ለሆስፒታሉ ሂሳብ አስገቡ፤ ደረሰኙን ላዋጡት ሁሉ አሳዩ፤ ታማሚው ቢያርፍ ቀሪው ለማን እንደሚውል አስቀድማችሁ ጻፉ፤ ጉዳዩ ሲያበቃም የታማሚውን ፎቶግራፍ ከየገጾቻችሁ አንሡ።